የስም ብዛትና የግስ እጥረት፤ የሳይንስ ስያሜዎቻችን በሰቆጣ መማሪያ ክፍል ሲመዘኑ

የአንድን የሙያ ስያሜ ብቃት ለመመዘን ሁለት ሚዛኖች አሉ። አንደኛው የመዝገብ ሚዛን ነው፤ ስያሜው ከሥርወ ቃሉ ጋር ይስማማልን? ከውጭው ቃል ጋር ይመጣጠናልን? ሁለተኛው የአንደበት ሚዛን ነው፤ በስያሜው የሚገለገል ሰው ዐረፍተ ነገር ሊሠራበት ይችላልን? በስያሜዎቻችን ላይ የሚሰነዘረው ሒስ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሚዛን ሲወሰን ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ሚዛን አንሥተን የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ስያሜዎቻችንን ከሁለተኛ ደረጃ መማሪያ ክፍል አንጻር ልንመረምር እንወዳለን። የመረጥነው ስፍራ ሰቆጣ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንገልጻለን።

በቅድሚያ ለሥራው የሚገባውን ክብር መስጠት ተገቢ ነው። በ1964 ዓ.ም. ለአማርኛ ተብሎ የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ከብዙ ምሁራን ጋር የደከመበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። ንጥረ ነገር፣ ውሁድ፣ ሕዋስ፣ ዘረመል፣ ዝግመተ ለውጥ የመሳሰሉት ቃላት ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፍ አልፈው በጋዜጣና በሬዲዮ ይሰማሉ። ገበሎ አስተኔና እንቁራሪት አስተኔ የሚሉት ስያሜዎችም ሕፃን የሚያውቀውን ፍጡር ይዘው የማያውቀውን ወገን ያስተዋውቁታል። ይህ ሁሉ ቀላል ሀብት አይደለም።

ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላቱ የሚጓዘው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። በራስጌ የእንግሊዝኛው ቃል ይቆማል፤ በግርጌው አማርኛው ይመልስለታል። እንደ ማናቸውም የሙያ መዝገብ ሁሉ በራስጌ የሚቆመው ቃል ብዙውን ጊዜ ስም ነውና መልሱም ስም ይሆናል። በዚህ አሠራር ሁልጊዜ የሚጠየቀው ነገሩ «ምን ይባላል?» ተብሎ ነው። ነገሩ «ምን ያደርጋል? ምንስ ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል። የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት መምህር ግን ቀኑን ሙሉ የሚናገረው ስለሚሆነውና ስለሚደረገው ነው።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንምጣ። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። የአካባቢው ነባር ቋንቋ ኽምጣኛ ከአገውኛ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ከቢለን፣ ከቅማንትኛና ከአዊኛ ጋር በማዕከላዊው የኩሽ ወገን ይመደባል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወስኗል፤ ኽምጣኛም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መማሪያ ለመሆን በቅቷል። ስለዚህ ከኽምጣኛ ተናጋሪ ቤት የወጣ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ በሦስት ቋንቋዎች መካከል ይቆማል፤ መጽሐፉና ሰሌዳው በእንግሊዝኛ፣ የመምህሩ ማብራሪያ በአማርኛ፣ የቤቱ ጨዋታ በኽምጣኛ። ሌላው የአገራችን ክፍል በሁለት ቋንቋዎች የሚሸከመውን ሸክም ይህ ክፍል በሦስት ስለሚሸከመው፣ የስያሜው ጉድለት እዚህ ጎልቶ ይታያል። ሰቆጣን የመረጥነውም ስለዚህ ነው።

በእንዲህ ያለ ክፍል፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች፣ መምህራን የሚናገሩትን ዐረፍተ ነገር የቋንቋ ሰው ሊያስተውለው ይገባል። «ጨው በውሃ ውስጥ ዲዞልቭ ያደርጋል» ይባላል፤ «ሶዲየም ከክሎሪን ጋር ሪአክት ያደርጋል» ይባላል። ስሞቹ ጨውና ውሃ አማርኛ ሆነው ሳለ የተበደረው ግሱ ነው። እንግሊዝኛው ግስ እንደ ድንጋይ ሳይረባ ይቀመጣል፤ «አደረገ» የሚለው ረዳት የአማርኛውን እርባታ ይሸከምለታል። ይህን በመምህሩ ስንፍና ማመካኘት ፍርደ ገምድልነት ነው። መምህሩ የተበደረው መዝገቡ ያላቀረበለትን ነው።

ብድሩ የሚያስከትለው ጉዳት ከቃል ውበት ያለፈ ነው። «ጨው ዲዞልቭ ያደርጋል» ስንልና «ውሃ ጨውን ዲዞልቭ ያደርጋል» ስንል ግሱ አንድ ነው፤ ማን ሟሟ፣ ማን አሟሟ የሚለው ልዩነት ከግሱ ላይ ጠፍቷል። አማርኛ ግን ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይለየዋል፤ ጨው ይሟሟል፣ ውሃ ያሟሟል። ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት የሚሉት ሦስት ስያሜዎች የተወለዱትም ከዚሁ ግስ ነው። ተማሪው «ይሟሟል» እና «ያሟሟል» ሲባል ከሰማ ሟሚንና አሟሚን ማንም ሳይነግረው ይለያል። ግሱን ካልሰማ ሦስቱንም እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሉ ከመያዝ በቀር ምርጫ የለውም።

በሌላ በኩል ግሶቻችን እንዳሉ ቢወሰዱ ችግሩ ሁሉ ይፈታል ማለታችን አይደለም። በዕለት ንግግር በረዶ ቀለጠ ይባላል፣ ሟሟም ይባላል፤ ጨውም እንዲሁ በሁለቱም ይነገርለታል። ሰቆጣ ከአፋር ምድር በግመልና በጋማ ከብት የሚመጣው አሞሌ ጨው ገበያ ሆና የኖረች ከተማ ናት፤ አሞሌ ከእርጥበት ካልተጠበቀ እንደሚጎዳ የአገሩ ሰው ያውቃል። ይኸው ዕውቀት ለመምህሩ የተዘጋጀ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ግሱ ካልተወሰነለት መነሻው መሰናክል ይሆንበታል። ለመቅለጥ አንድ ነገርና ሙቀት ይበቃሉ፤ ለመሟሟት ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የሚሟሟው ግን በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ሁለቱ ግሶች ድንበራቸው ተለይቶ በየምሳሌያቸው ቢመዘገቡ አማርኛ ለዚህ ትምህርት ምንም አይጎድለውም።

ከዚህ የባሰው «ፈላ» የሚለው ግስ ነው። ውሃ ፈላ፣ ቡና ፈላ እንላለን፤ ጠጅም ፈላ እንላለን። የመጀመሪያው የሙቀት ሥራ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላባት መጽሐፍ እንደሚለው በ100 ሳይሆን ወደ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። ሁለተኛው የእርሾ ሥራ ነው፤ ጋኑ ሳይጣድ ይከናወናል። በመጀመሪያው ፍላት እርሾ ይሞታል፤ በሁለተኛው ፍላት እርሾ ሕይወቱን ይኖራል። አንዱ ግስ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይዞ ሳለ ተማሪው በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ አንዱን፣ በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ሌላውን ሰምቶ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። መፍትሔው ከወጥ ቤት ሩቅ አይደለም። ለሊጥ ቦካ የሚለው፣ ለተደባለቀና ውስጥ ለውስጥ ለሚለወጥ ነገር ተብላላ የሚለው ግስ አለን። ፈላ ለሙቀት ብቻ፣ ቦካና ተብላላ ለእርሾና ለረቂቃን ተሕዋስያን ሥራ ተብሎ ቢወሰን ጥርጥሩ ይወገዳል። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ድንበር ማካለል ነው።

ግስ የሌለው ስም ምን እንደሚሆን ለማየት ብርሃን አስተፃምሮ የሚለውን እንውሰድ። አመሠራረቱ በግእዝ ሥርዐት ነው፤ ማጣመርን የሚያመለክተውም ክፍል ትክክል ነው። ነገር ግን ቅጠሏ ምን ታደርጋለች ቢባል «ታስተፃምራለች» የሚል መምህር አናገኝም። ከዚህም በላይ የስያሜው አሰካክ የሚጣመረው ብርሃን እንደ ሆነ ያስመስላል። በእውነቱ ግን የሚጣመሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ናቸው፤ ብርሃን ለሥራው ኀይል ይሰጣል። መምህሩ ግስ ሲያጣ «ተነፈሰ» የሚለውን ይዋሳል፤ ተክል ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራዎች ይቀላቀላሉ፤ ተክል ቀንም ሌሊትም እንደ እኛው ኦክስጅን ተጠቅሞ ከምግቡ ኀይል ያወጣልና። «ቅጠል በብርሃን ኀይል ምግብ ታጣምራለች» ቢባል ግን ግሱም ይገኛል፣ ብርሃንም ስፍራውን ይይዛል።

ምናልባት «የዕለት ግስ አሻሚ ስለ ሆነ ነው ወደ ግእዝ ስም የሸሸነው» የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። መልሱ ክብደት አለው፤ ሆኖም ስሙም ከአሻሚነት አላመለጠም። ሕዋስ በጥንቱ ትርጉሙ ማየትን፣ መስማትን የመሰለው የስሜት መሣሪያ ነው። ዛሬ ያው የሥነ ሕይወት መምህር በአንድ ምዕራፍ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» ብሎ ዐይንንና ጆሮን ይቆጥራል፤ በሌላው ምዕራፍ ዐይን ራሱ ከብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት የተሠራ ነው ይላል። ንጥረ ነገርም ከንጥር ቅቤ ጋር ዘመድ የሆነ ግሩም ቃል ሆኖ ሳለ፣ በመገናኛ ብዙኃን በምግብ ውስጥ ላለው ጠቃሚ ነገር ሁሉ ስለሚነገር ከኬሚስትሪው ትርጉም እየራቀ ነው። ስለዚህ አሻሚነትን የሚያጠፋው ብያኔና የአጠቃቀም ምሳሌ ነው እንጂ የቃሉ እንግዳነት አይደለም።

የተሳካ ምሳሌም በእጃችን አለ። ሥርዓተ ልመት የተባለው ስያሜ «ላመ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ዱቄቱ ልሟል ወይስ አልላመም የሚለውን ጥያቄ ወፍጮ ቤት የደረሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እህሉ ወፍጮ ላይ እንደሚልም ምግብም በሆድ ዕቃ ውስጥ ይልማል ሲባል፣ ስሙና ግሱ ተያይዘው ተማሪው አእምሮ ውስጥ ይገባሉ። የሕዝብ ዕውቀት ለሳይንስ መነሻ መሆኑን ለሚጠራጠር ደግሞ የእንዶድ ታሪክ ይበቃዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋለ፤ ከዚያ ተነሥቶ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ የሚገድል ተክል ለዓለም አሳወቀ። እንዶድ የሚለውም ቃል በዓለም አቀፍ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ ስፍራ አገኘ።

ከዚህ በመነሣት ለስያሜ ባለሙያዎችና ለተርጓሚዎች ሦስት ሐሳቦችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሳይንስ ስም ሲመዘገብ ግሱ ከአድራጊና ከተደራጊ መልኩ ጋር፣ ከአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም ጋር አብሮ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ተርጓሚ የመማሪያ መጽሐፍ ሲተረጉም ከስሙ በፊት «ይህ ነገር ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን በአማርኛ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ስያሜው ገና አልበሰለም። ሦስተኛ፣ የወጥ ቤቱ፣ የወፍጮውና የገበያው ግሶች በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኽምጣኛም ይሰብሰቡ። አማርኛና ኽምጣኛ ሁለቱም ግሳቸውን በዐረፍተ ነገር መድረሻ የሚያኖሩ ቋንቋዎች ናቸው፤ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር እንደ ድልድይ የሚያገለግለው ይኸው በመድረሻ ያለው ግስ ነው።

ስም የሌለው ነገር አይጠራም፤ ግስ የሌለው ስም ደግሞ ተጠርቶ አይንቀሳቀስም። የሰቆጣው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በትክክል ጽፎ፣ ማታ እናቱ ጠላ ስትጠነስስ ጋኑ ውስጥ የሚሆነውን በገዛ ቋንቋው መናገር ካቃተው ጉድለቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ የስያሜ ሠራተኞቹ ነው። ይህን አስተያየት አንባብያን መርምረው፣ ያልነው ላይ ጨምረው ወይም ተቃውመው እንዲጽፉበት በአክብሮት እናቀርባለን።