ለሞተ እንጂ ለጎደለ ድንኳን የለም

በለቅሶ የሚደርስብን ያለ አይመስለኝም። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ የእድሩ አግዳሚና ሰሃን ይወጣል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። "ፋታ የለኝም" ባዩ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን፤ የሚያለቅሰው ያለቅሳል፣ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል። ሐዘንተኛውን "በቃ፣ አታልቅስ" ብንለውም የሚያለቅስበትን ቦታና ጊዜ አመቻችተን ከጨረስን በኋላ ነው። ታዲያ ይህን ያህል ሐዘን ዐዋቂ የሆንን ሰዎች፣ ሞት ለሌለበት ሐዘን አንዲት አግዳሚ እንኳ አላዘጋጀንም።

እስቲ ልብ በሉ። ሰው በስተእርጅና ዐይኑ ሲጠፋ፣ በስኳር ሕመም እግሩ ሲቆረጥ፣ ጆሮው ደክሞ ከጨዋታ ሲገለል፣ ሠላሳ ዓመት ከሠራበት ወንበር በጡረታ ሲነሣ ምን እንለዋለን? "ተመስገን በል! ስንቱ ሞቷል።" "ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል!" "ዋናው ጤና ነው" የሚልም አይጠፋም፤ ያውም ጤናውን ላጣ ሰው! እንዲህ ብለን ሻያችንን ጠጥተን እንወጣለን። አጽናንተን መውጣታችን ነው።

በሰፈሬ የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ። በስኳር ምክንያት አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። ጠያቂ አላጡም። ብርቱካኑም ጭማቂውም ይመጣል፤ ምክሩም አብሮ ይመጣል። እሳቸውም ለሁሉም "እሺ ልጄ፣ ተመስገን ነው" ይላሉ። አንድ ቀን ጠያቂው ሁሉ ሲወጣ "ጋሼ፣ በጣም የሚናፍቅዎ ምንድን ነው?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "ፍሬን መርገጥ" አሉኝ። "በሕልሜ ቁልቁለት ላይ ነኝ። እረግጣለሁ፣ አይዝም።" "ይህን ለሌላ ሰው ነግረው ያውቃሉ?" ስላቸው፣ "ለማን ብዬ? ሁሉም ተመስገን በል ነው የሚለኝ" አሉ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንላለን። እዚህ ቤት ግን ደባቂው ማን ነው? ሰውየውማ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ በምስጋና የምንከድናቸው እኛ ነን። ማመስገን መልካም ነው፤ ሰው ራሱ ሲያመሰግን እምነት ነው። ሌላው ሲያዘው ግን "ዝም በል" ማለት ይሆናል። ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኅብረተሰቡ "ይሄማ አያስለቅስም" ብሎ ዕውቅና የሚነፍገውን ሐዘን ለብቻው ስም አውጥቶለታል። እኛ ዘንድ ስም ባይኖረውም ሐዘንተኛው ሞልቷል።

"የሥነ ልቦና ሕክምና" ሲባል ብዙዎቻችን በዐይናችን ላይ የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። "አብጃለሁ እንዴ?" ብለን እንቆጣለን። ነገሩ ግን ከዚህ እጅግ የቀለለ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ቀለል ያለ ግን የማይለቅ ድብርት የያዛቸው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ 138 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 ታትሟል። ገሚሶቹን ባለሙያ ቤታቸው ድረስ እየሄደ፣ በ19 ሳምንታት ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ50 ደቂቃ ያህል አነጋገራቸው። ያስጨነቃቸውን ይዘረዝራሉ፣ አንዱን ይመርጣሉ፣ መላ ይመታሉ፣ ሞክረው ውጤቱን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነጋገራሉ። ሰው ወዳለበት መውጣትና የሚያስደስት ነገር ማድረግም የሕክምናው አካል ነበር። ከዓመት በኋላ እንዲህ ከታከሙት 43 በመቶዎቹ የድብርት ምልክታቸው ቢያንስ በግማሽ ቀንሶ ተገኘ። ከተለመደው ክትትል ሌላ ካላገኙት ግን ይህ የሆነላቸው 15 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው።

"ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው" የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያው ዚምባብዌን እንይ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ አረጋውያን ሴቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው። የከፋው ሰው አጠገባቸው ይቀመጣል፤ አያቶቹ ያዳምጡታል፤ መላውን አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና 573 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽለው መገኘታቸውን አሳይቷል። ልብ በሉ፤ እዚያ አሮጊቶቹ ሐኪም እንጂ ሸክም አይደሉም!

ሌላም ሙግት አለ። "ክራንች ያላገኘን ሰው ስለ ስሜቱ መጠየቅ ፌዝ ነው" ይባላል። ልክ ነው፤ ወሬ ደረጃ አያስወጣም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ደረጃ እንደገነባን ግን የሚወጡበት ያውቁታል። መንገዱን ዘግቶበት "ራስህን ተቀበል" የሚል አማካሪ ከእኛ "ተመስገን በል" አይሻልም። ግን ክራንች የሰጠነውም ሰው እኮ የሚሄድበትን ይፈልጋል። አንዱን ለሌላው ማስቀሪያ ማድረጉ ነው ስሕተቱ።

እኔ አዲስ መሥሪያ ቤት ይቋቋም አልልም። እድሮቻችን አግዳሚው አላቸው፣ የአባላት መዝገቡ አላቸው፣ ቀሪውን የመቅጣት ልምዱም አላቸው። በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ አባል እግሩን፣ ዐይኑን ወይም ሥራውን ሲያጣ፣ ለማዳመጥ የሠለጠኑ ሁለት አባላት ለስምንት ሳምንት በየሳምንቱ ይጠይቁት። ጠያቂዎቹ ሐዘኑ ከበረታባቸው ወደ ሐኪም ያድርሱት። "ተመስገን በል" ያለ ጠያቂ ደግሞ፣ ከቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ።