የዘይድ ወንድሞች

መቀመጫውን አቡ ዳቢ ላይ ያደረገው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ የሚደግፈው የአረብኛ ሥነ ጽሑፍ ኅትመት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ድንቅ መጽሐፍ በሁለት ቅጽ አወጣ። አረብኛው በአንድ ገጽ፣ እንግሊዝኛው ፊት ለፊቱ ሰፍሯል። መጽሐፉ ጥያቄና መልስ ነው፤ ጠያቂው አቡ ሐያን አል ተውሂዲ፣ መላሹ ፈላስፋው ሚስከወይህ ናቸው። የአረብኛው ርእስ ጥያቄዎቹን ያለ እረኛ የተለቀቁ ግመሎች፣ መልሶቹን ደግሞ ባዛኞቹን የሚሰበስቡ ግመሎች ይላቸዋል፤ የአል ዐይንን የግመል ገበያ ላየ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ተውሂዲ ገና ሲጀምር፣ በመቸኮልና በመፍጠን መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ቃል ሲለያይ ሐሳብም የግድ ይለያያል? ይህን ጥንቃቄ ከሰዋስው መምህሩ ከአቡ ሰዒድ አል ሲራፊ ሳይቀስም አልቀረም።

ሲራፊ በ932 ገደማ ባግዳድ ውስጥ፣ በቪዚሩ ፊት ከሎጂክ ሊቁ ከአቡ ቢሽር መታ ጋር ተከራክሮ ነበር። የክርክሩን ታሪክ በሌላ መጽሐፉ ያቆየልን ራሱ ተውሂዲ ነው። መታ ሐሳብ በሕዝብ ሁሉ ዘንድ አንድ ነው ይላል፤ አራትና አራት የትም ስምንት ነው። ሲራፊ መታን ከዚያ የሐሳብ ሰማይ የሚያወርደው በአንዲት ቅንጣት ነው። «ዘይድ ከወንድማማቾቹ ሁሉ ምርጥ ነው» ቢባል ትክክል ነው? ትክክል ነው ይላል መታ። «ዘይድ ከገዛ ወንድሞቹ ሁሉ ምርጥ ነው» ቢባልስ? እሱም ትክክል። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? መታ ምራቁ ያንቀዋል። ሲራፊ ያስረዳዋል፦ ወንድማማቾቹን ቁጠሩ ቢባል ዘይድም አብሮ ይቆጠራል፤ የዘይድን ወንድሞች ቁጠሩ ቢባል ግን ዘይድ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከእነሱ መካከል ምርጥ ሊሆን አይችልም። አህያ ከበቅሎዎች ሁሉ ምርጥ ነው እንደማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ያስደንቀኛል። በዚያ ሰፊ ሙግት ውስጥ ወጥመዱ የተዘረጋው በአንዲት የባለቤትነት ቅጥያ ላይ ነው፤ ተከራካሪው ሁለቴ «ትክክል» እስኪል ድረስም ገመዱ አይሳብም።

ቢሆንም ድሉ የሲራፊ ብቻ አይመስለኝም፤ ተራኪውም የእሱ ተማሪ መሆኑ አይዘንጋ። አማርኛ «ወንድሞቹ» ሲል የእሱን ወንድሞችም የታወቁትን ወንድሞችም ሊያመለክት ይችላል። «ወንድማማቾቹ» እና «የገዛ» ብለን ስንለየው ግን ነጥቡ ያለ ችግር ገባን። ቅጥያው የአረብኛ ነው፣ ሐሳቡ ግን ወደኛ ተሻግሯል፤ መታ የቆመለትም ይኸው ነበር። ፈላስፋው አል ፋራቢ ሰዋስው የአንድን ሕዝብ ቃላት ሕግ፣ ሎጂክ ደግሞ ለሕዝቦች ሁሉ ቃላት የጋራ የሆነውን ሕግ ይሰጣል ያለው፣ በ14ኛው መቶ ዘመንም እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኦክሃም የልብ ቃላት የየትኛውም ቋንቋ አይደሉም ያለው በዚሁ መንገድ ነው።

ሐሳብን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር ለእኛም አዲስ አይደለም፤ ሊቃውንታችን የፈላስፎች አባባሎች ስብስብ የሆነውን አንጋረ ፈላስፋን ከአረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። የአቡ ዳቢው ኅትመት አረብኛ ገጾች በነፃ ይወርዳሉ። በኤምሬትስ ኖራችሁ አረብኛ ማንበብ የቻላችሁ ወገኖቼ፣ የተውሂዲን ጥያቄዎች ወደ አማርኛ መልሱልን።