የአባት ስም በባዕድ መዝገብ

ዘርን መቁጠር በኢትዮጵያ ምድር የቆየ ዕውቀት ነው። በሰሜኑ አገር ለርስት ሙግት የቆመ ባላገር ከአቅኚው አባት የሚወርደውን ሐረግ በዳኛ ፊት አንድ በአንድ ይዘረዝር ነበር። ለጋብቻ የታጩ ወጣቶችም ዝምድናቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በኦሮሞ ዘንድ ልጅ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም እየተከተለ እስከ ጎሣው ድረስ መድረስን ይማራል። ጽሑፍ የገባበት ሥፍራ ጥቂት ነው፤ የጉልት ስጦታ በገዳማት ወንጌል ኅዳግ ላይ ይሰፍራል፣ የተቀረው በሽማግሌዎች አፍ ይኖራል። ይህ የቃል መዝገብ ጽኑ የሚሆነው ግን ቆጣሪው ከተወለደበት አፈር እስካልራቀ ድረስ ነው። በአሥር ዓመቱ ተነጥቆ የተሸጠ ልጅ የሚያውቀውን ሐረግ ይዞ ይሄዳል፤ ሲሳሳት የሚያርመው፣ ሲረሳ የሚያስታውሰው ሰው ግን በአጠገቡ የለም።

እንዲህ ያሉ ልጆችን ዱካ የተከተለ አንድ መጽሐፍ አለ። ሳንድራ ሮዎልት ሼል በእንግሊዝኛ ጽፈው በ2018 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት «የተስፋ ልጆች» ከኢትዮጵያ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ የተጓዙ 64 የኦሮሞ ልጆችን ታሪክ ይተርካል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊዋ በደቡብ አፍሪካ ቤተ መጻሕፍትና የሰነድ ክምችቶች ውስጥ ረዥም ዘመን ያገለገሉ ባለሙያ ናቸው። የመጽሐፉ ብርታትም ሆነ ድካም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ወረቀትን በሚያውቅ፣ ወረቀትንም በሚያምን እጅ ተጽፏል።

የታሪኩ መነሻ በአጭሩ ይህ ነው። በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በአዛዡ በቻርልስ ጊሲንግ እየተመራ፣ ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ ዐረብ አገር ባሪያ የጫኑ ሦስት ሸራ ጀልባዎችን በቀይ ባሕር መግቢያ አካባቢ ያዘ። በጀልባዎቹ ላይ ከ200 የሚበልጡ የኦሮሞ ተወላጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ወደ ዐደን ተወሰዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከከተማው ወጣ ብሎ በሼክ ዑስማን በሚገኘው የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተጠለሉ። የዐደን ሙቀትና በሽታ ግን አልማራቸውም፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሞቱት ብዙ ሆኑ። ስለዚህ ሚሲዮናውያኑ 42 ወንዶችና 22 ሴቶች ልጆችን መርጠው በኦገስት 1890 በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት አሻገሯቸው። ከኦሮሞ ምድር የወጣው ልጅ በኮሳዎች አገር፣ በስኮትላንዳውያን መምህራን እጅ ራሱን አገኘ።

እነዚህን 64 ልጆች በባርነት ታሪክ ውስጥ ልዩ የሚያደርጋቸው ከመሄዳቸው በፊት በ1890 በሼክ ዑስማን የተደረገላቸው ጥያቄ ነው። ሚሲዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ በአስተርጓሚ አነጋግረው መልሱን ጻፉ፤ የትውልድ ሥፍራህ የት ነው፣ አባትህ ማን ይባላል፣ እናትህስ፣ ወንድምና እኅት ስንት አለህ፣ ቤታችሁ ስንት ከብት ነበረው፣ ማን ያዘህ፣ ለማን ሸጠህ፣ በየት በየት አልፈህ ከባሕር ደረስህ? በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከተሻገሩት አፍሪካውያን የብዙዎቹ ዕጣ በመርከብ ደብተር ላይ ቁጥር ሆኖ መቅረት ነበር። ከባርነት አምልጠው ታሪካቸውን ያስጻፉትም አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ከረዥም ዓመታት በኋላ በጎልማሳ ዕድሜያቸው ነው። እነዚህ ልጆች ግን የተናገሩት ገና ልጆች ሳሉ፣ የመንገዱ ትዝታ ሳይደበዝዝ ነው። የአንዱን ቤት የበሬ ቁጥር፣ የሌላውን ወንዝ ስም የያዘ ሰነድ በየትኛውም የባሪያ ንግድ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

ሼል ከዚህ ክምችት ጋር የሠሩት ሥራ በታሪክ ምሁራን ዘንድ የቡድን የሕይወት ታሪክ የሚባለው ነው። አንዱን ልጅ ነጥሎ ጀግና ከማድረግ ይልቅ ለስድሳ አራቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርባሉ፤ መልሱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ስንቱ አባት የሞተበት ነበር? ስንቱ በወረራ ተያዘ፣ ስንቱስ በዕዳ ወይም በውል ስም ተላልፎ ተሰጠ? ከመያዝ እስከ ባሕር ስንት ጊዜ ተሸጠ? ይህ አካሄድ አንድ የቆየ ሥዕል ይለውጣል። ባሪያ ፈንጋይ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ከሩቅ የመጣ ባዕድ ነጋዴ ነው፤ በልጆቹ ቃል ውስጥ ግን ጎረቤት፣ የአካባቢ ሹም፣ አንዳንድ ጊዜም ዘመድ ይገኝበታል። መንገዱም ከቤት ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ባሕር የሚደርስ አልነበረም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ የሚያንቀረፍፍ ነበር። ክፉ ቀን የተባለው የ1888–1892 ረኃብ ምድሪቱን ሳያራቁት፣ በዋዜማው የተያዙ ልጆች ቃል በመሆኑም የዚያን ዘመን የገጠር ኑሮ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

ይሁንና ሠንጠረዥና ሥዕላዊ መግለጫ ሲበዛ አንባቢ መድከሙ አይቀርም። ስድሳ አራት ሰው ለስሌት ትንሽ ቁጥር ነው፤ በዚያ ላይ እነዚህ በዕጣ የተገኙ አይደሉም። በመንገድ ሳይሞቱ ባሕር የደረሱ፣ በባሕር ላይ የተያዙ፣ በዐደን ከሞት የተረፉ፣ በሚሲዮናውያን ዓይን የተመረጡ ናቸው። ስለዚህ ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ የሚነገረው ስለ ስድሳ አራቱ እውነት ቢሆንም ስለ ባሪያ ንግዱ በጠቅላላ ለመፍረድ ሲውል ጥንቃቄ ይሻል። ጸሐፊዋ ይህን ድንበር አልፎ አልፎ ይዘነጉታል። መጽሐፉ ከፍ የሚለው ስሌቱ ሲያበቃ ነው፤ የስድሳ አራቱ ልጆች ቃል ከነሙሉው በመጽሐፉ ታትሟል። አንባቢው የጸሐፊዋን መደምደሚያ ባይቀበል እንኳ ልጆቹን ራሳቸውን ሊያዳምጥ ይችላል። ለተመራማሪ ሐቀኝነት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም።

የጠፋ ዘመድ ፍለጋን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ከሁሉ የሚያስደንቀው የሰነዶቹ መበታተን ነው። የመርከቡ ሪፖርት የባሕር ኃይሉ ነው፤ ወደ ለንደን ሄዷል። ዐደን በዚያን ጊዜ ከቦምቤ ስለምትተዳደር የአስተዳደሩ ደብዳቤ በሕንድ መንግሥት መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሚሲዮኑ ለበላዮቹ የጻፈው ስኮትላንድ ደርሷል። የላቭዴል ወረቀቶች ደግሞ ዛሬ ማካንዳ በምትባለው ከተማ በሮድስ ዩኒቨርሲቲ ኮሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። አንድ ከወለጋ ወይም ከጅማ አካባቢ የወጣ ልጅ ሕይወት በሦስት አህጉር ተቆራርጦ ተቀብሯል ማለት ነው። የመዝገብ ቤት ሰው የሆነች ጸሐፊ ብቻ ልትገጥመው የምትችለው ስብርባሪ ነው፤ ሼልም በትዕግሥት ገጥመውታል።

ከስብርባሪው ሁሉ አስቸጋሪው ስም ነው። የስኮትላንዱ ሰው ጆሮ የሰማውን ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲያሰፍር «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» አይለይም፤ «ዸ»ን የሚይዝበት ፊደል ጭራሽ የለውም። የድምፅ መርዘምና ማጠር ትርጉም በሚለውጥበት ቋንቋ ውስጥ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። አንድ የመንደር ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲገኝ ሦስት መንደር ሊመስል ይችላል፤ ሦስት መንደርም በአንድ አጻጻፍ ስር ሊሸሸግ ይችላል። በዚያ ላይ በኦሮሞም ሆነ በሌላው ኢትዮጵያዊ ልማድ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱም ይለወጣል። በደቡብ አፍሪካ መዝገብ ውስጥ ግን ሁለተኛው ስም እንደ አውሮፓውያን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቆመ። እንግዳ ልማድ ሳያውቀው ውለታ ዋለ፤ ያ ሁለተኛ ስም ባይጻፍ ኖሮ ለዘር ፈላጊው የሚጨበጥ ነገር አይቀርም ነበር። ሴት ልጅ ስታገባ ደግሞ ያው እንግዳ ልማድ የሰጠውን መልሶ ይነጥቃል፤ ስሟ በባሏ ስም ይሸፈናል።

ለዚህ የቢሾ ጃርሳን ታሪክ የሚያህል ምሳሌ የለም። ከሃያ ሁለቱ ሴቶች ልጆች አንዷ የነበሩት ቢሾ በላቭዴል ተምረው መምህርት ሆኑ፤ አግብተውም ሼፐርስ የሚባለውን ስም ያዙ። የወለዷትን ልጅ ግን ዲምቢቲ አሏት፤ በአፍሪካ ጫፍ የተወለደች ልጅ የኦሮሞ ስም ይዛ አደገች። የዲምቢቲ ልጅ በ1936 በክራዶክ የተወለደውና ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት የታሰረው ታጋይና የቋንቋ ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር ነው። አሌክሳንደር በ2012 ከማረፉ በፊት እንደተናገረው፣ አያቱ ብቻቸውን ሆነው በማይታወቅ ቋንቋ ሲያጉተመትሙ ልጆቹ በፍርሃት ዝም ይሉ ነበር፤ ቤተሰቡም ከእግዚአብሔር ጋር እየተነጋገሩ ነው ይላቸው ነበር። ቋንቋው ኦሮምኛ መሆኑን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው።

ዕድሜውን በሙሉ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የተከራከረ ሰው፣ የአያቱን አፍ መፍቻ ቋንቋ በቤቱ የሚሰማ ጆሮ ያልነበረው መሆኑ ልብ ይነካል። ግን የምሁሩን ሥራ ከአያቱ ብቸኝነት ብቻ ለመምዘዝ መቸኮል አይገባም፤ የደቡብ አፍሪካ ትግል ራሱን የቻለ ምክንያት ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። ወረቀቱ ለቤተሰቡ የሰጠው ታላቅ የዘር ክብርን አልነበረም፤ የአንድ ድምፅ ትርጉም ነው። እንደ ምሥጢር የተፈራው ማጉተምተም አገርና ስም አገኘ።

መጽሐፉ የሚያስነሣው ከባዱ ጥያቄ ስለ ነጻ አውጪዎቹ ነው። የምንሰማው ሁሉ በነጻ አውጪው ብዕር የተጻፈ ነው። ልጁ ያለውን አስተርጓሚው ያሳጥራል፤ አስተርጓሚው ያለውን ሚሲዮናዊው በራሱ ሥርዐት ይደረድራል። ታሪኮቹ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ከልጆቹ ዕጣ መመሳሰል ይሁን ከጠያቂው ቅጽ አንድነት፣ መለየቱ ለአንባቢ የተተወ ነው። የባሪያ ንግድን የሚቃወመው መርከብ ልጆቹን ወደ እናቶቻቸው አልመለሰም፤ የባሰ ወደራቀ አገር የወሰዳቸው ጉዞ በሚሲዮኑ ዓይን በጎ ሥራ ነበር። በ1903 ላቭዴል አድራሻቸው ለታወቀው የቀድሞ ተማሪዎቹ ወደ አገራቸው መመለስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀ፤ በ1909 አሥራ ሰባቱ ወደ ኢትዮጵያ ተሳፈሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን መጠየቁ ያስመሰግናል። መዘግየቱን ግን ሼል ከሚያደርጉት በላይ አጥብቆ መመርመር ይገባ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚታየው ዋና ጉድለት ግን ይህ ነው፤ የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው በባሕር ማዶ በተጻፈው ላይ ነው። ልጆቹ የጠሩት እያንዳንዱ የአባት ስም፣ የወንዝና የተራራ ስም በኢትዮጵያ ምድር ሌላ ምስክር ሊኖረው ይችላል፤ ጎሣ የሚቆጥር ሽማግሌ፣ በወረራ ዘመን ስለጠፋ ልጅ የሚወራ ወሬ። ሼል የወረቀቱን ግማሽ አድርሰዋል። የቃሉ ግማሽ የሚጠበቀው አፋን ኦሮሞን ከሚያውቁ፣ የአገሩን የዘር ቆጠራ ከሚረዱ ተመራማሪዎች ነው። ልጆቹ በኦሮምኛ የተናገሩት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ገብቶ ቀርቷል፤ ወደ ተነገረበት ቋንቋ ተመልሶ በተነገረባቸው መንደሮች ቢነበብ፣ የስሕተቱን ስም የሚያቀና ሰው ሊገኝ ይችላል።

ለንጽጽር ያህል፣ በዚያው ዘመን ባሕሩን የተሻገሩት የሌሎቹ ልጆች ቁጥር ከ64 እጅግ ይበልጣል፤ ጠያቂም ጸሐፊም አላገኙም። ልጅ ልጆቻቸው በዐረብ አገርና ከዚያም ወዲያ አሉ፤ የአባታቸው ስም በየትኛውም መዝገብ የለም። በመዝገብ የሚፈለግ ዘር ሁልጊዜ የዕድለኞች ዘር ነው። «የተስፋ ልጆች» ይህን ዕድል ሳያባክን፣ ያለውን ሳያሳንስ ለአንባቢ ያስረከበ መጽሐፍ ነው፤ ሠንጠረዡ ለሚያደክመው አንባቢ የሚበጀው ንባቡን ከመጨረሻው፣ ከልጆቹ ቃል መጀመር ነው።