የቁስ አካል አመዳደብ ትምህርት አቀራረብ፤ ሂሳዊ ቅኝት

የኬሚስትሪ ትምህርት መግቢያ ከሆኑት አርእስት አንዱ የቁስ አካል አመዳደብ ነው። ተማሪው ቁስ አካል ንጹህ ቁስና ድብልቅ ተብሎ እንደሚከፈል፣ ንጹህ ቁስም በተራው ንጥረ ነገርና ውሁድ ተብሎ እንደሚለይ ከሠንጠረዥ ይማራል። ሠንጠረዡ ስሕተት የለበትም። ጉድለቱ ምድቦቹ በምን ሙከራ እንደ ተገኙ ሳይታይ ሠንጠረዡ እንደ ድንጋጌ በቃል መጠናቱ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ከቃላቱ ይነሣል። ውሃ ያልተጨመረበት ወተት በየቤቱ «ንጹህ» ይባላል፤ በኬሚስትሪ ግን ውሃ፣ ቅባት፣ ፕሮቲንና ስኳር ያሉበት ድብልቅ ነው። «ንጥረ ነገር»ም እንዲሁ ነው። በጤና ትምህርት ቫይታሚን ንጥረ ነገር ሲባል የሰማ ተማሪ፣ ቫይታሚን ሲ የካርቦን፣ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውሁድ መሆኑን ሲማር ግራ ቢጋባ አያስደንቅም። መምህሩ ሁለቱን ፍቺዎች ጎን ለጎን ካላስቀመጠ የቤቱ ፍቺ ያይላል።

ሁለተኛው ችግር መለኪያው ነው። ንጹህ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለው አባባል የሚሠራው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ካልተገለጸለት ተማሪው ወይ ውሃውን ንጹህ አይደለም ይላል፣ ወይ ዓይኑን ትቶ መጽሐፉን ያምናል። ሁለተኛው ይበልጥ ይጎዳል። ዋናው ምልክት ንጹህ ውሃ ሲፈላ ሙቀቱ ባለበት መጽናቱ፣ የጨው ውሃ ግን እየፈላ በሄደ መጠን ሙቀቱ መጨመሩ ነው።

የሳይንሱ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ላቮይዚየር እ.ኤ.አ. በ1789 ባወጣው የ33 ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ብርሃንና ኖራ ይገኙ ነበር። ዴቪ በ1808 በኤሌክትሪክ ኃይል ካልሲየምን ለይቶ በማውጣቱ የኖራ ውሁድነት ተረጋገጠ። ምድብ የሙከራ ውጤት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ለዚህ ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አፈር የነካው አሞሌ በውሃ ሟሙቶ በጨርቅ ቢጠለል አፈሩ ይቀራል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይገኛል። ጨዉ ራሱ ግን በማጥለልም ሆነ በማትነን ወደ ሶዲየምና ክሎሪን አይለይም። በድብልቅና በውሁድ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል።

ስለሆነም ሙከራው ቢቀድም፣ ስያሜው ቢከተል፣ ሠንጠረዡም ማጠቃለያ ቢሆን ይመረጣል። ፈተናውም ትርጉም ብቻ ሳይሆን የምደባውን ምክንያት መጠየቅ ይገባዋል፤ አለበለዚያ መምህሩ ወደ ሽምደዳው መመለሱ አይቀርም።