የአንድ ቀን ጉብኝት በሆንግ ኮንግ፦ ቅርጹና ይዘቱ ሲመዘን

ለቤተሰብ ተዘጋጅቶ በአስጐብኚ መሪነት የሚካሄድ የከተማ ጉብኝት አብዛኛውን ጊዜ እንደ መዝናኛ እንጂ እንደ ትርኢት አይቆጠርም። ይሁን እንጂ መግቢያ፣ እድገትና መደምደሚያ አለው፤ ተራኪና ተመልካች አለው፤ ከሁሉም በላይ ምን እንደሚታይና ምን እንደሚታለፍ የሚወስን አዘጋጅ አለው። እንግዲህ እንደ ማንኛውም ትርኢት በቅርጹና በይዘቱ ሊመዘን ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ በሆንግ ኮንግ የተለመደውን የአንድ ቀን ጉብኝት ከዚህ አንፃር ለመመርመር ይሞክራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅርጹ ረገድ ጉብኝቱ የሚመሰገን ነው። ጠዋት ቤተሰቡ በብረት ገመድ በሚሳበው ባቡር ወደ ቪክቶሪያ ተራራ ወጥቶ ወደቡን፣ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻዎቹንና ከማዶ ያለውን ካውሉንን በአንድ ጊዜ ይቃኛል። ቀጥሎ ወደ ማን ሞ ቤተ መቅደስ ይወርዳል፤ ልጆች ከጣሪያው ተንጠልጥለው የሚጤሱትን ጠመዝማዛ የዕጣን ጥቅሎች አንጋጠው ያያሉ። ከሰዓት በኋላ በአበርዲን ወደብ በትንሽ ጀልባ ይዞራል። ሲመሽ ደግሞ በስታር መርከብ ተሻግሮ በ2004 የተጀመረውን የብርሃን ትርኢት ይመለከታል። ከተራራ ወደ ባሕር፣ ከፀሐይ ወደ መብራት የሚወስደው ይህ ቅደም ተከተል የታሰበበት መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ ይዘቱ ስንመለስ ግን ጉድለቱ ከመጀመሪያው ትዕይንት ይጀምራል። የተራራው ባቡር ሥራ የጀመረው በ1888 ነው። በ1904 የወጣው የቅኝ ገዥዎች ሕግ ከቤት አገልጋዮችና ልዩ ፈቃድ ካገኙ በስተቀር ቻይናውያን በተራራው ላይ እንዳይኖሩ ይከለክል ነበር፤ የተሻረውም በ1946 ነው። ይህ ሳይነገር ሲቀር ልጁ የሚያየው ውብ መልክዓ ምድር ብቻ ይሆናል፤ ውበቱን ከከፍታ ሆኖ ማየት ለማን ተፈቅዶ ለማን ተነፍጎ እንደነበር አይማርም።

በአበርዲንም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በዚያ ውኃ ላይ ትውልድ በትውልድ ተተክቶ በጀልባ ውስጥ ተወልዶ፣ ሠርቶና አርጅቶ የኖረ የዓሣ አጥማጅ ሕዝብ ነበር፤ አብዛኛው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ የብስ ወጥቷል። በ1976 የተከፈተው ዝነኛው ተንሳፋፊ ምግብ ቤት ጃምቦ እንኳ በ2020 ተዘግቶ፣ በሰኔ 2022 ሲጎተት በደቡብ ቻይና ባሕር ተገልብጧል። ጀልባ ቀዛፊዋ በዚህ ትዕይንት ውስጥ የምትቀርበው ለፎቶግራፍ ነው። ተራኪ መሆን የሚገባት ግን እርሷ ነበረች።

ደካማው ክፍል በመካከሉ የሚሰነቀረው የጌጣጌጥ መደብር ነው። የአስጐብኚው ገቢ ከሽያጭ በሚገኝ ኮሚሽን ላይ ሲመሠረት ትረካው ወደ ዕቃው ማዘንበሉ አይቀርም። በዚያ የሚባክነው ሰዓት ሼክ ኪፕ ሜይን ለማየት በበቃ ነበር። በታኅሣሥ 25 ቀን 1953 በዚያ የተነሣው እሳት ከ50,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ሌሊት ቤት አልባ አድርጓል፤ የከተማው ሰፊ የሕዝብ ቤቶች ግንባታም ከዚህ አደጋ በኋላ ተስፋፋ። በ1954 ከተሠሩት ሕንጻዎች አንዱ የሆነው ሜይ ሆ ቤት ዛሬ የእንግዶች ማረፊያና የመታሰቢያ ቤተ መዘክር ነው።

ለሕፃናት የሚዘጋጅ ቀን ቀለል ማለት አለበት፣ ታሪክ ያደክማቸዋል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ለዚህ መልሱ ከራሱ ከስታር መርከብ ይገኛል። በ1966 የአንደኛ ማዕረግ ዋጋ በአምስት ሳንቲም እንዲጨምር ሲታቀድ፣ ሶ ሳው ቹንግ የተባለ ወጣት በመርከቡ መሣፈሪያ ምግብ አልበላም ብሎ ተቃውሞውን አሰማ፤ ነገሩም ካውሉንን ወዳናወጠ ሁከት ተሸጋገረ። አምስት ሳንቲም ምን እንደሆነች የማያውቅ ልጅ የለም። የሕንጻ ፎቆች ቁጥር ግን ማታውኑ ይረሳል።

ያም ሆኖ የጉብኝቱ ከፍተኛ ቦታ ይኸው መርከብ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ጎብኚው ከሥራ ከሚመለሰው ነዋሪ ጎን ይቀመጣል፤ የወንበሩ መደገፊያም ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ይገለበጣል። በሌሎቹ ትዕይንቶች ሕዝቡ የሚታይ ነው፤ እዚህ ግን አብሮ ተሳፋሪ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዳለ ሆኖ መደብሩ ቢወጣ፣ ሼክ ኪፕ ሜይ ቢገባ፣ የተራራው ሕግና የአምስቷ ሳንቲም ታሪክ ቢነገር፣ ቀኑ ሳይከብድ ሙሉ ይሆናል። ከተማን ለልጅ የሚያሳይ ሰው፣ መምህርም ይሁን ከያኒ ወይም አስጐብኚ፣ የታሪክን የመጀመሪያ ገጽ እየጻፈለት ነው። ገጹን ግማሽ ባዶ አድርጎ የመተው መብት የለውም።