ከጉድለት ወደ ማዕረግ፦ የቻይና ቢጫ ሻይ በሐዋሳ የቡና ቅምሻ ሚዛን

ሹ ጺሹ የተባለው የሚንግ ዘመን ቻይናዊ ጸሐፊ በ1597 እ.ኤ.አ. ስለ ሻይ በጻፈው መጽሐፍ የሁዎሻን ተራራ ሻይ አዘጋጆችን ክፉኛ ይወቅሳል። ቅጠሉን ምግብ በሚያበስሉበት ብረት ምጣድ፣ በትልቅ እሳት ያምሱታል፤ ሙቀቱ ሳይወጣለትም በትላልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ያጭቁታል። ለምለሙ ቅጠል ታፍኖ ይጠወልግና ቢጫ ይሆናል። ለሹ ጺሹ እንዲህ ያለው ሻይ ምግብ ማወራረጃ ነው፤ ለቅምሻ ውድድር የሚቀርብ አይደለም። ዛሬ በዚያው ተራራ ስም የሚጠራው ሁዎሻን ኋንግያ ስማቸው ከገነነ የቻይና ቢጫ ሻዮች አንዱ ነው። አንዱ ዘመን ነውር ያለውን ሌላው ዘመን አሠራር ብሎ አጸደቀው።

የሐዋሳ አንባቢ ይህን ታሪክ ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ የሲዳማ ቡናም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። በጀንፈሉ የደረቀ ቡና ለረጅም ጊዜ ከታጠበው በታች የሚመደብ፣ ርካሽ ተብሎ የሚታለፍ ነበር። ከፍሬው ሥጋ ጋር በመድረቁ የሚያገኘው የፍራፍሬ መዓዛም እንደ እንከን የተቆጠረበት ጊዜ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው ግን ያልታጠበ የሲዳማ ቡና ነው። ፍሬው ሲደርቅ የሚሆነው ነገር አልተለወጠም። የተለወጠው የቀማሹ ፍርድ፣ ከዚያም ተከትሎ የአደራረቁ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ቢጫ ሻይን በዚህች ከተማ ለማስተዋወቅ የሚነሳ ሰው ከሻይ ቤት ይልቅ ከቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ቢጀምር ይሻለዋል እላለሁ።

አሠራሩን እንይ። የአንሁዊ ግዛቱ ምሁር ቼን ችዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባቀረበው አመዳደብ የቻይና ሻይ በስድስት ይከፈላል፤ ከፋፋዩም የአዘገጃጀት ስልት እንጂ የተክሉ ዓይነት አይደለም። ቢጫ ሻይ እስከ ግማሽ መንገድ ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የተለቀመው ቡቃያ በትኩስ ምጣድ ይታመሳል፣ ቅጠሉን የሚያጠቁር ኢንዛይምም ሥራውን ያቆማል። አረንጓዴው ከዚህ በኋላ ፈጥኖ ይደርቃል። ቢጫው እርጥበቱን እንደያዘ በወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታፈናል። በሁናን ግዛት፣ በዶንግቲንግ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት የሚመረተው ጁንሻን ዪንዠን ሁለት ጊዜ ይጠቀለላል፤ መጀመሪያ ሁለት ቀን ለሚጠጋ ጊዜ፣ በከፊል ከደረቀ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ያህል። በዚህ ጊዜ ክሎሮፊሉ ይፈራርሳል፤ ምላስን የሚያጨማድዱት ውሕዶችም በከፊል ተለውጠው ምሬቱ ይለዝባል። የሲዳማ ሰው ዋሳን ያስታውስ ይሆናል፤ የተፋቀው እንሰትም በቅጠል ተሸፍኖ ይከርማልና። መመሳሰሉ ግን ከመሸፈኑ አያልፍም። ዋሳን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ በቢጫ ሻይ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ አዘጋጁ ጥቂት ሰዓት ቢዘናጋም ምርቱ ይበላሻል።

ገበያው ላይ ያለው ችግር የሚመነጨውም ከዚሁ አድካሚ ሥራ ነው። መጠቅለል ጊዜ ይፈጃል፣ ሠራተኛ ይይዛል፤ አረንጓዴ ሻይ በተቃራኒው ቶሎ ደርቆ ቶሎ ይሸጣል። በዚህ ምክንያት በቢጫ ሻይ ስም ከሚሸጠው ብዙው መታፈኑን ያሳጠረ ወይም ጨርሶ የዘለለ፣ በተግባር አረንጓዴ የሆነ ሻይ ነው። ቀማሽ ይለየዋል፤ ትኩስ ሣር የሚሸት፣ ፈሳሹም አረንጓዴ የሚመታ ከሆነ ስሙን አላገኘም። እውነተኛው የተጠበሰ እሸት በቆሎን የሚያስታውስ ለስላሳ መዓዛ አለው፤ ጉሮሮ አይቧጥጥም። ሌላው የሻጮች ወሬ መድኃኒትነቱ ነው። አብዛኛው ከአረንጓዴ ሻይ የተዋሰ ነው፤ የሚወደሱት ውሕዶች ደግሞ በከፊል በመታፈን ጊዜ የሚለወጡት ራሳቸው ናቸው። ጣዕሙ የለዘበበትን ምክንያት እየሸጡ ያልለዘበውን ሻይ ጥቅም ማወጅ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው።

ወደ አጠጣጡ ስንመጣ የከተማዋ መልክዓ ምድር ራሱ ይናገራል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት በ94 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ለቡቃያ ቢጫ ሻይ የሚመከረው ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ የፈላውን ውሃ በሌላ ዕቃ ገልብጦ ትንሽ ማስተንፈስ ይበቃል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 3 ግራም ያህል ቅጠል፣ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ። ዕቃው ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል፤ የጁንሻን ቡቃያዎች ቀጥ ብለው ቆመው ሲወጡና ሲወርዱ ማየት ቻይናውያን ከመጠጣቱ እኩል የሚደሰቱበት ነው። ሻይን በብርጭቆ ማቅረብ ደግሞ ለእኛ ሻይ ቤቶች አዲስ ነገር አይደለም።

ውሃው ግን ያሳስበኛል። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ፍሎራይዱም በየቦታው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን ያልፋል። ባይካርቦኔቱ ሻይን ያደበዝዛል፣ ረቂቁን መዓዛ ይውጣል። የሻይ ተክልም በተፈጥሮው ፍሎራይድ ያጠራቅማል፤ ይሁን እንጂ የሚከማቸው በይበልጥ በጠና ቅጠል ነው፣ በቡቃያ አነስተኛ ነው። ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃ መጠቀም እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

ስኳርስ? ቀረፋና ቅርንፉድስ? የስምንተኛው ክፍለ ዘመን የሻይ ሊቅ ሉ ዩ በዘመኑ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ ከሻይ ጋር ይቀቅሉ የነበሩትን አጥብቆ ነቅፏል፤ ጨው ግን ራሱም ይጨምር ነበር። እሱን ምስክር ጠርቶ የእኛን የቅመም ሻይ ማጣጣል ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። ደቅቆ የተዘጋጀው ጥቁር ሻያችን ቅመምና ስኳር ይችላል፤ እንዲያውም ያምርበታል። ቢጫው ግን አይችልም፣ ይጠፋል። ያለ ስኳር የመቅመሱን ልምድ የምናገኘው ከቡናው ወገን ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚቀዱት ከአንድ ጀበና፣ ከዚያው አተላ ላይ ነው፤ ቢጫ ሻይም በዚያው ቅጠል ላይ ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ውሃ ይፈስበታል። ልዩነቱ የእኛ ሥርዓት ትኩረቱን በተሰበሰበው ሰው ላይ ማድረጉ ነው፤ የቻይናው ቅምሻ ደግሞ መጀመሪያው ከሁለተኛው በምን እንደተለየ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በሙያ የሚጠይቁ ሰዎች ሐዋሳ ውስጥ አሉ፤ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቅርንጫፍ በየናሙናው ላይ ደረጃ የሚያወጡ ቀማሾች።

ሐዋሳና ቻይና ሲነሱ ወሬው በአንድ የቻይና ኩባንያ ተገንብቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። የሻይ ዕውቀት ልውውጥ አልተነሳም። በካፋ ያለው የውሽውሽና በኢሉባቦር ያለው የጉመሮ እርሻ በዋናነት የሚያመርቱት ጥቁር ሻይ ነው፤ ብርጭቆን ፈጥኖ የሚያቀላ፣ ብዙ ሰው በአነስተኛ ዋጋ የሚጠጣው። ቡቃያ በእጅ ለቅሞ ሦስት ቀን መጠበቅ ለእነዚህ እርሻዎች አትራፊ ይሁን አይሁን ሳይሞከር የሚፈረድ አይደለም። ሙከራው ግን ብዙ አይጠይቅም። ከአንድ ቀን ለቀማ ግማሹ ታምሶ ወዲያው ይድረቅ፣ ግማሹ ተጠቅልሎ ይቆይ፤ ሁለቱም የሥራ ታሪካቸው ሳይነገር ለሐዋሳ ቡና ቀማሾች ይቅረቡ። ቀማሾቹ ጥንዱን መለየት ካልቻሉ እዚህ የቀረበው ክርክር ግማሹ ይወድቃል።