ዒላማው ማን ነው? በጅምር የፕሮስቴት ካንሰር ከፊል ሕክምና ላይ የቀረበ ሂስ

የፕሮስቴት ካንሰር በጅምሩ ሲገኝ ዕጢውን በሙሉ ከማውጣት ወይም በጨረር ከማከም ይልቅ ካንሰሩ ያለበትን ክፍል ብቻ ማጥፋት ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ደጋፊዎች አሉት። ዓላማው ሽንትን የመቆጣጠር ችሎታና የወሲብ ብቃት እንዳይጎዱ በመሆኑ ተገቢ ነው። መመርመር ያለበት ማስረጃው ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 በላንሴት ኦንኮሎጂ የታተመው ጥናት ነው። በ10 የአውሮፓ አገሮች የሚገኙ፣ ዝቅተኛ ስጋት ያለው ካንሰር የተገኘባቸው 413 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን ፓዴሊፖርፊን በደም ሥር ተሰጥቶ መድኃኒቱ በዕጢው ውስጥ በሌዘር ብርሃን እንዲነቃ ተደረገ፤ ሁለተኛው ቡድን በንቁ ክትትል ቆየ። በ24 ወራት ውስጥ በሽታው የገፋባቸው 28% እና 58%፣ መላውን ዕጢ ወደሚነካ ሕክምና የዞሩት ደግሞ 6% እና 29% ሆኑ።

ውጤቱ የሚያጓጓ ቢሆንም ድክመቶች አሉት። መለኪያው በአመዛኙ የናሙና ምርመራ እንጂ ሞት ወይም የካንሰሩ መሰራጨት አልነበረም። ታማሚዎቹ በየትኛው ቡድን እንዳሉ ያውቁ ስለነበር ክትትሉን ትቶ ወደ ቀዶ ሕክምና መሄድ ከበሽታው ይልቅ ከፍርሃት ሊመነጭ ይችላል። 24 ወራትም ለዘገምተኛ በሽታ አጭር ጊዜ ነው። አውሮፓ በዚያው ዓመት መድኃኒቱን ብትፈቅድም የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር አማካሪዎች በ2020 በአብላጫ ድምፅ ተቃውመውታል።

የብሪታንያው ፕሮቴክት ጥናት የ15 ዓመት ውጤት (እ.ኤ.አ. 2023) ነገሩን ያጠራዋል። ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምና ወይም ለጨረር በዕጣ ከተመደቡት 1,643 ወንዶች በካንሰሩ የሞቱት 2.7% ገደማ ሲሆኑ በቡድኖቹ መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ይሁን እንጂ የካንሰሩ መሰራጨት በክትትል ቡድን 9.4%፣ በቀዶ ሕክምና 4.7%፣ በጨረር 5.0% ነበር። ስለዚህ ከፊል ሕክምና ዝቅተኛ ስጋት ያለበትን ሰው የሚያድነው ከካንሰሩ ሳይሆን ከሌላ ሕክምና ነው፤ ጥቅሙ መፈተሽ ያለበት ስጋታቸው ከፍ ባለ ሕሙማን ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለአገራችን ባለሙያም ትርጉም አለው። በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ሲቋቋም መርሁ ግልጽ ነበር፤ በጊዜ የታከመ ሰው እጅና እግሩን ያተርፋል። በፕሮስቴት ካንሰር ግን በጊዜ ማግኘት ሁለት ገጽ አለው፤ አደገኛውን ማግኘት ሕይወት ሲያተርፍ አደገኛ ያልሆነውን ማግኘት ላላስፈላጊ ሕክምና ይዳርጋል። በዚያው ክፍለ ከተማ ጤና ጣቢያ ሽንት አልወርድ ብሏቸው ወይም ወገባቸውን አሟቸው የሚመጡ አዛውንት የሚያስፈልጋቸው ታሪካቸውን የሚጠይቅ፣ በጣት የሚመረምርና በወቅቱ ወደ ሆስፒታል የሚልክ ባለሙያ ነው። ከፊል ሕክምና ከዚህ በኋላ ኤም.አር.አይ.፣ አስተማማኝ የናሙና ምርመራና የዓመታት ክትትል ይፈልጋል። እነዚህ ባልተሟሉበት ሌዘሩ ቢገዛም የሚታከመው ማን እንደሆነ አይታወቅም።